የደመወዝ እንጀራና የራስ እንጀራ

ሰሞኑን በመኝታ ክፍሎቻችንም ሆነ በምግብ ቤቱ ሰልፍ ላይ አንድ ወሬ ብቻ ነው የሚሰማው። አብሮን ይሠለጥን የነበረ አንድ ጓደኛችን ትምህርቱን አቋርጦ መናኸሪያው አጠገብ ብረታ ብረት ብየዳ ቤት ከፈተ መባሉ ነው። አንዱ «አበደ እንዴ?» ይላል፤ ሌላው «ተጋግሮ የቀረበለትን እንጀራ ረገጠ» ይላል። እኔ በበኩሌ በዚህ ልጅ ላይ የሚሳቀው ሳቅ ደስ አላለኝም። ስለዚህ ሐሳቤን በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ለማስፈር ተነሣሁ።

ጥያቄው የአንድ ልጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው። ወር ጠብቃ የምትመጣ የተወሰነች ደመወዝ ትሻላለች? ወይስ ዛሬ ሞልታ ነገ የምትጎድል፣ ግን የራስ የሆነች ገቢ?

ወላጆቻችን መልሱን ከያዙት ቆይተዋል። «ልጄ ተምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ» ማለት ለእነሱ ትልቅ ማዕረግ ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። በአንዲት ሲንጀር መኪና ስድስት ልጆች አሳድጓል። አዛዥ የለበትም፤ ሲፈልግ ይከፍታል፣ ለቅሶ ሲኖር ይዘጋል። እንግዲህ ይህ ሰው ነው «አንተ እንኳ ደመወዝተኛ ሁንልኝ» ብሎ ወደዚህ የላከኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «እኔ ስታመም መኪናዋም አብራኝ ትታመማለች» አለኝ። ስለ ነፃነት ብዙ የሚያወራ ሁሉ መጀመሪያ ለዚህ አነጋገር መልስ ማዘጋጀት አለበት።

የወላጆቻችን ፍርሃት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በአገራችን በእጁ ሠርቶ የሚበላ ሰው ለረዥም ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ብረት ሠሪው «ቡዳ»፣ ቆዳ ሠሪው «ፋቂ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር ለማወቅ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸውን ማስታወስ ይበቃል። ስድብ ግን በዐዋጅ ብቻ አይጠፋም።

ኋላም በደርግ ጊዜ፣ በ1968 ዓ.ም. በወጣ ዐዋጅ የግል ነጋዴ ካፒታል ለችርቻሮ ከ200,000 ብር፣ ለጅምላ ከ300,000 ብር፣ ለኢንዱስትሪ ደግሞ ከ500,000 ብር እንዳያልፍ ተወሰነ። በአንጻሩ ተምሮ የተመረቀ ሁሉ በመንግሥት ተመድቦ ሥራ ይይዝ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ እስኪታወጅ ድረስ የግል ሥራ ቢያድግም ከተወሰነለት ጣሪያ በታች ነበር። በዚያ ዘመን ያደገ ወላጅ «የግል ሥራ አደጋ ነው» ቢል ምን ይፈረድበታል? ዘመኑ ያስተማረውን ነው የሚናገረው።

ዛሬ ግን ሁኔታው ሌላ ነው። ዲፕሎማ የያዘ ሁሉ ምደባ ተዘጋጅቶ አይጠብቀውም። ደመወዝ ያገኘውም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አግኝቷል ለማለት ያስቸግራል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብር የመግዛት አቅም ምን ያህል እንደወረደ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ባለ ሱቁ ዋጋውን በማግሥቱ ለወጠ። ደመወዝተኛው ግን ጭማሪ እስኪወሰንለት መጠበቅ ነበረበት። የወሩ ደመወዝ ቁጥሩ አልተነካም፤ ጤፉ ግን ቀነሰ። ስለዚህ «ቋሚ» የሚባለው ነገር ቁጥሩ ነው እንጂ ኑሮው አይደለም።

ይህን ስል ደመወዝን ማጣጣሌ እንዳይመስልባችሁ። የመንግሥት ሠራተኛ ለጡረታው ከደመወዙ 7 በመቶ ሲቆረጥበት መንግሥት በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምርለታል። ሲታመም የሕመም ፈቃድ አለው። ሴት መምህርት ስትወልድ ደመወዟ ሳይቋረጥ ልጇን ታቅፋ ትቀመጣለች። ጉሊት የምትሸጠዋ እናት ግን በወለደች በሳምንቷ ወደ ገበያ ብትወጣ ፈልጋ አይደለም፤ የሚተካት ስለሌለ ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ ሰው ይህን ሁሉ ትቶ ለምን ይወጣል? አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ1950ዎቹ ዓመታት ስማቸው የገነነው ዘፋኞቻችን አብዛኞቹ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ወይም የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ደመወዝተኞች ነበሩ። እነ ጥላሁን ገሠሠ በክቡር ዘበኛ፣ እነ ዓለማየሁ እሸቴ በፖሊስ ነበር የሚዘፍኑት። እንጀራቸው የተረጋገጠ ነበር፤ ግን የት እንደሚዘፍኑና መቼ እንደሚዘፍኑ የሚያዝዛቸው አለቃ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብትም በሕግ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ሙዚቃ ሸክላ ሻጭ «የመጣው ይምጣ» ብሎ በራሱ ገንዘብ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀርጾ በውጭ አገር አሳትሞ አመጣ። ደጁን የሚያንኳኳ አለቃ አልነበረውም፤ ቢከስር የሚደርስለት መሥሪያ ቤትም አልነበረውም። በስድስት ዓመት ገደማ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጣ።

መጨረሻውንስ? እሱንም መናገር አለብኝ። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊቱ ጭፈራ ጠፋ። አምሃም በ1967 ዓ.ም. ሥራውን ትቶ ከአገር ወጣ። በራስ ማደር ማለት ይኸው ነው፤ ነፋሱ ሲዞር የሚከልል ግድግዳ የለም። ነገር ግን ያ ሰው የመብቱ ባለቤት እስኪፈቅድለት ቢጠብቅ ኖሮ፣ ዛሬ ዓለም «ኢትዮፒክስ» በሚባሉት ስብስቦች ውስጥ የሚያዳምጣቸው ብዙዎቹ ዘፈኖች ባልተቀረጹ ነበር። አንዳንድ ሥራ ፈቃድ ጠብቆ አይወለድም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ መናገር እወዳለሁ። ነፃነት ማለት አለቃ ማጣት አይደለም። የግል ሠራተኛ አለቃው ብዙ ነው፤ ደንበኛው አለቃ ነው፣ የቤት ኪራዩ አለቃ ነው፣ ግብሩም አለቃ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ብየዳው ይቆማል፤ ኪራዩ ግን አይቆምም። «ጠዋት መነሣት ስለሚሰለቸኝ የራሴን ሥራ እጀምራለሁ» የሚል ካለ፣ ይቅርበት። ሥራ የጠላ ሰው ከአለቃ ቢያመልጥ ከረኃብ አያመልጥም።

ስለዚህ የሚወጣ ሰው ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገር ይያዝ እላለሁ። አንደኛ፣ እጁ የተፈተነ ሙያ ይኑረው፤ ምኞት ሙያ አይደለም። ሁለተኛ፣ ሥራው እስኪታወቅ ድረስ ለተወሰኑ ወራት የሚበላው ያስቀምጥ። ሦስተኛ፣ ብቻውን አይቁም፤ ዕቁብ ይግባ፣ ዕድር ይግባ። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥሉ ዕጣው የደረሰው 10,000 ብር በአንድ ቀን ይይዛል፤ ዋስ እንጂ ወለድ አይጠየቅም። አባቴ መኪናዋን የገዛው በዕቁብ ነው፤ ታሞ በተኛ ጊዜም በር ያንኳኩት የዕድርተኞቹ ናቸው። ደመወዝ የሌለው ሰው ዋስትናው ሰው ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለውም ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ እኛው ጉዳይ ልምጣ። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን መምህርነትን ወደን የመጣነው? ስንቶቻችንስ ነን ሌላ ስላላገኘንና ቤተሰብ ስላስገደደን የመጣነው? እርስ በርሳችን እንተዋወቃለንና አንደባበቅ። ልቡ ሱቅ ውስጥ ሆኖ ገላው ሰሌዳ ፊት የቆመ መምህር ወር በገባ ቁጥር ደመወዙን ይቀበላል፤ ዕዳውን የሚከፍሉት ግን ሃምሳና ስልሳ ሆነው በአንድ ክፍል የታጨቁት ሕፃናት ናቸው። ፊደል ሳይለዩ ወደ ሦስተኛ ክፍል ያልፋሉ። እንዲህ ያለው ሰው በጊዜ ወጥቶ ብየዳውን ቢበይድ ለራሱም፣ ለሕፃናቱም፣ ለአገርም ይሻላል። በሐቅ የሄደ ሰው፣ በግድ ከተቀመጠ ሰው ይበልጣል ባይ ነኝ።

በሌላ በኩል ደግሞ የምንቆየውም በፍርሃት መቆየት የለብንም። እኔ ማስተማሩን እፈልገዋለሁና እቆያለሁ። ይህንንም አባቴን ለማስደሰት ብቻ ሳይሆን መርጬ የማደርገው እንዲሆን እሻለሁ። የመረጠ ሰው በጥቂት ደመወዝም ቢሆን ቀና ብሎ ይሄዳል፤ ያልመረጠ ሰው ግን ደመወዙ ቢጨመርለትም ያጉረመርማል። ከሁሉም በላይ ነገ ክፍል ስንገባ ሕፃናቱን «ካልተማራችሁ እንደ አናጢው፣ እንደ ጫማ ሰፊው ትሆናላችሁ» እያልን ማስፈራራታችንን እንተው። ጫማ ሰፊው የአንዱ ልጅ አባት ነው፤ ልጁም እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይሰማናል።

በመጨረሻም ለተከበሩት አስተዳዳሪዎቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። የእጅ ሥራ ክፍላችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተዘግቶ ይውላል። ቁልፉ ለአንድ ኃላፊ ተሰጥቶ ቢከፈትልን፣ የሚቆየው መምህር ለተማሪዎቹ የሚያሳየው ሙያ ይይዛል፤ የሚወጣውም ባዶ እጁን አይወጣም። ወጪው የመብራትና የጥቂት ጣውላ ነው። እኛ ሠልጣኞችም በበኩላችን ክፍሉን በየተራ ለመጥረግና ዕቃውን ቆጥረን ለማስረከብ ዝግጁ ነን። ይህን ሐሳብ የሚደግፍ ሁሉ ከዚህ ጽሑፍ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ስሙን ይጻፍ፤ የሚቃወምም ካለ ምክንያቱን ጽፎ በሚቀጥለው ሳምንት ያውጣ። በሐሳብ እንሟገት፤ በሰው መሳቁን ግን እንተው።