አጎበሩ ቤት ውስጥ፣ እኛ ደጅ

የጤና በጎ ፈቃደኛ ቤታችሁ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ "አጎበር አላችሁ ወይ?" ብሎ ነው። አለን ስትሉት ቅጹ ላይ ምልክት አድርጎ ወደ ጎረቤት ያልፋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትናከሰው ሌሊት ስለሆነ አጎበር የብዙ ሰው ሕይወት አድኗል። ነገር ግን ሌላ ጥያቄ መቅደም አለበት እላለሁ። "ትናንት ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት የት ነበራችሁ?"

እዚህ ካኩማ መልሱ የታወቀ ነው፤ ደጅ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው የቆርቆሮ ቤት ሲመሽም እንደ ምጣድ ነው። ቡናው ደጅ ይፈላል፣ ልጆች ምንጣፍ ላይ ይጋደማሉ፣ ወጣቱ ኳስ ወደሚታይበት ይሄዳል፣ ብዙ ሰው ደግሞ እስኪነጋ እዚያው ደጅ ያድራል። ስለዚህ "ሲመሽ ቤት ግቡ" የሚለው ምክር ለዚህ አገር የተሠራ አይደለም። ሰው ደጅ እንደሚያመሽ ተቀብለን፣ ደጅ እንዴት ሳይነከስ እንደሚያመሽ ማስተማር አለብን።

በዚያ ሰዓት የሚናከሱንን ሁሉ "ትንኝ" እንላቸዋለን እንጂ አንድ ዓይነት አይደሉም። ዝናብ ዘንቦ የታራች ወንዝ ሞልቶ ሲጎድል፣ እርጥብ ጭቃና እበት ባለበት የሚፈሉ በጣም ደቃቅ ተናካሾች አሉ። ንክሻቸው ክፉኛ ያሳክካል፤ ልጆች ሲያኩት ይቆስላል፣ ይመግላል። ከእነሱ የከፋችው ግን የአሸዋ ዝንብ ናት። ርዝመቷ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ስትበር ድምፅ አይሰማም፣ ስታርፍ ክንፎቿን ወደ ላይ ታቆማለች። ካላዛርን የምታስተላልፈው እሷ ናት፤ ቱርካና ደግሞ በኬንያ ካላዛር ከሚገኝባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ከመተማና ከሁመራ በኩል የመጣችሁ በሽታውን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ለሰሊጥ ሥራ ከደጋ ወርዶ ሆዱ ተነፍቶ፣ ሰውነቱ ከስቶ የተመለሰ ሰው አይታችኋል። ካልታከመ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል።

ደግነቱ ዝንቧ ደካማ ናት። ነፋስ ካለ መብረር አይሆንላትም። ከመሬት ብዙም ሳትርቅ እየዘለለች ነው የምትሄደው። አፏ አጭር ስለሆነ በልብስ አሳልፋ መናከስ አትችልም። ቀን ቀን በጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ፣ በአይጥ ጉድጓድና በኩይሳ ውስጥ ትደበቃለች፤ በኬንያ ቆላ ካላዛርን የምታስተላልፈው ዝርያ በተለይ ከኩይሳ ጋር የተቆራኘች ናት። እንግዲህ ደጅ ስትቀመጡ ከኩይሳና ከከብት በረት ራቁ፤ ኩይሳ ላይ ተደግፎ ወይም ወጥቶ ኳስ ማየት ይቅር። ነፋስ የሚያገኘውን ቦታ ምረጡ። እኛ ሐበሾች ነፋስ እንፈራለን፣ "ብርድ ይመታናል" ብለን ግድግዳ ሥር እንወሸቃለን፤ ዝንቧም የምትወደው ያንኑ ቦታ ነው። ልጆችን ከምንጣፍ ይልቅ አልጋ ላይ አድርጓቸው። ሲመሽ ረጅም ሱሪ ወይም ቀሚስ፣ እጅጌ ያለው ልብስና ካልሲ ይልበሱ። ነጠላ ሳስቶ የተሸመነ ስለሆነ ብቻውን አይበቃም፣ ደርቡት።

ደጅ ለምታድሩ ደግሞ አጎበሩም ደጅ ይውጣ! አራት እንጨት ተክላችሁ አልጋው ላይ ወጥሩት፣ ዙሪያውንም ከፍራሹ ሥር ጠቅጥቁት። የአሸዋ ዝንብ በአጎበር ቀዳዳ ልትሾልክ ትችላለች፤ መድኃኒት የተነከረው አጎበር ግን ስትነካው ይጎዳታል። ፀሐይ መድኃኒቱን ስለሚያደክመው ጠዋት አጥፋችሁ ወደ ቤት መልሱት። የጎመን አጥር ያደረጋችሁትንም አጎበር እያየን ነው።

የኒም ቅጠል ጭስ ለጊዜው ያርቃቸዋል፤ ዓይንና ሳንባ ስለሚጎዳ ቤት ውስጥ አይጨስ፣ ሕፃንም አጠገቡ አይቀመጥ። ነጭ ጋዝ ገላ ላይ የሚቀቡ አሉ፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ እሳት ባለበትም አደገኛ ነው። አቅሙ ያለው የሚቀባ መከላከያ ቢገዛ ይረዳዋል፤ ዲት የተባለው ንጥረ ነገር ከ20 እስከ 30 በመቶ ያለው ጥሩ ነው። ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን አይቀባም፣ ለልጆችም እጃቸው ላይ አታድርጉ፣ ወደ አፋቸው ይከቱታልና።

ለኤጀንሲዎችም የምለው አለኝ። በ2025 የእርዳታ ገንዘብ ከተቀነሰ ወዲህ ብዙ መጠየቅ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቅጹ ላይ "ማታ የት ታመሻላችሁ?" የሚል መስመር መጨመር ግን ገንዘብ አይፈልግም። የኳስና የስብሰባ ቦታ ሲመረጥ በአቅራቢያው ኩይሳ መኖሩን ማየትም እንዲሁ።

በጎ ፈቃደኞች ሆይ፣ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ያለፈው፣ የወባ መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለው፣ እየከሳ በግራ ጎኑ ከጎድን አጥንት ሥር ያበጠ ሰው ካያችሁ ያኑ ቀን ወደ ክሊኒክ አምጡት። "ካላዛር ይሆን?" ብላችሁም ጠይቁ። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራ ፈጣን ምርመራ አለ። ሕክምናው እስከ 17 ቀን የሚደርስ መርፌ ስለሆነ፣ ቤት የሚቀሩትን ልጆች ማን እንደሚጠብቅ ከጎረቤት ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ እናቶች ሕክምናውን አቋርጠው የሚወጡት በዚህ ምክንያት ነው።