ስለ ሥራ፣ ስለ ስልክና ስላልተቆጠረው ሰዓት

ከሳንታ ሞኒካ ተነሥቶ በፒኮ ጎዳና ወደ ምሥራቅ የሚጓዘው 7 ቁጥር ሰማያዊ አውቶቡስ አስቀድሞ ከአባሎቻችን ብዙዎቹ የሚማሩበትን ኮሌጅ ያልፋል፤ ቆየት ብሎም የፌርፋክስን ጎዳና ያቋርጣል። በአንደኛው ፌርማታ የኮምፒዩተር ትምህርት አለ። በሌላው ፌርማታ ያው ኮምፒዩተር የሚያዛቸው አባቶቻችን፣ እናቶቻችንና ታላላቅ ወንድሞቻችን አሉ። የብዙዎቻችን የትምህርት ቤት ክፍያም የሚመጣው ከዚያ ነው። ይህን እያወቅን ስለ ሥራቸው በዚህ መጽሔት አንድም ጊዜ አለመጻፋችን የሚያሳፍር ነውና ዛሬ እንጽፋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በኦሎምፒክና በፒኮ ጎዳናዎች መካከል ያለው የፌርፋክስ ክፍል በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል። በዚያ ምግብ ቤቶች ደጃፍ መኪናውን አቁሞ ቡና የሚጠጣ ታክሲ ነጂ ከቀድሞም ጠፍቶ አያውቅም። የድሮው ታክሲ ነጂ በሬዲዮ የሚያዘው ሰው ነበረው። ያ ሰው ሊያዳላ ይችል ነበር፤ ይሰደብም ነበር፤ ግን ድምፅ ነበረው፣ ስሙም ይታወቅ ነበር። የአዲስ አበባው ተራ አስከባሪም እንደዚሁ ነው፤ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ጮሆ፣ አንዳንድ ጊዜም ተጣልቶ ተራ ያስከብራል፤ የተበደለ ሰው የማንን እጅ እንደሚይዝ ያውቃል። በሳምራዊት ፍቅሩ የተመሠረተው ራይድ እንኳ በአፕ የሚሠራ ቢሆንም 8294 ብሎ ለሚደውል ደንበኛ አፍ አውጥቶ የሚመልስ ሰው አስቀምጧል። እዚህ ግን ሥራ የሚሰጠው፣ ዋጋ የሚቈርጠው፣ የሚቀጣውና የሚያሰናብተው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ከመሪው አጠገብ የተሰካው ስልክ ነው።

በቅርቡ አንድ የምናከብራቸው ሾፌር፣ በዚህ አገር ሁለት ልጆች ያስተማሩ ሰው፣ ይህንኑ ስልካቸውን ይዘው ወደ እኛ መጡ። ኩባንያው አካውንታቸውን ዘግቶባቸዋል። የደረሳቸው ደብዳቤ አራት መስመር ነው፤ የፈረመበት ሰው የለም። «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ይህን የጻፈው ማን እንደ ሆነ ንገሩኝ» አሉን። ሦስት ሆነን አነበብነው። ጥፋታቸው ምን እንደ ሆነ ከአራቱ መስመር ውስጥ ልናገኝ አልቻልንም። አቤቱታ ጻፍንላቸው። ለአቤቱታው የመጣው መልስ ያው ደብዳቤ ነበር፤ ቀኑ ብቻ ተለውጧል። እርሳቸውም ስልኩን ኪሳቸው ከተው «አይዟችሁ፣ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ» ብለው እኛኑ አጽናንተው ሄዱ። ይህን ርእሰ አንቀጽ ያስጻፈን በእውነቱ ይኸው ማጽናናታቸው ነው።

በካሊፎርኒያ ይህ ሥራ የሚመራው በኖቬምበር 2020 በሕዝብ ድምፅ በጸደቀው «ፕሮፖዚሽን 22» በተባለው ሕግ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የስቴቱ ምክር ቤት ሾፌሮቹን እንደ ተቀጣሪ የሚያስቆጥር ሕግ አውጥቶ ነበር። ኡበር፣ ሊፍትና መሰሎቻቸው ግን ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሰው ነገሩን ወደ ሕዝብ ድምፅ ወሰዱት፤ አሸነፉም። በጁላይ 2024 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን አጸናላቸው። እንግዲህ ሾፌሩ በሕግ ዓይን ሠራተኛ አይደለም፤ «ነጻ ተቋራጭ» ነው። የሥራውን ዋጋ ራሱ የማይወስን ተቋራጭ ምን ዓይነት ተቋራጭ እንደ ሆነ የሕግ ተማሪዎቻችን ያስረዱን።

የሕጉ ዋና ነጥብ ግን በስሙ ላይ አይደለም፤ በሰዓት አቈጣጠሩ ላይ ነው። ሕጉ ለሾፌሩ ከአካባቢው ዝቅተኛ ደመወዝ 120 በመቶ ያላነሰ ገቢ እንደሚረጋገጥለት ይናገራል። ይህን የሰማ ሁሉ ደስ ሊለው ይገባል። ነገር ግን የሚቆጠረው ሰዓት ሾፌሩ ጥሪ ተቀብሎ ተሳፋሪውን እስኪያወርድ ያለው ብቻ ነው። ጥሪ እየጠበቀ የሚቀመጥበት ሰዓት አይቆጠርም። በምሳሌ እናስላው። ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 10 ዶላር ነው እንበል፤ 120 በመቶው 12 ዶላር ይሆናል። አንድ ሾፌር ከንጋቱ 11 ሰዓት ወጥቶ ማታ 11 ሰዓት ቢገባ 12 ሰዓት ከቤቱ ርቋል። ከዚህ ውስጥ ጥሪ ይዞ የሠራው 7 ሰዓት ቢሆን ሕጉ የሚያረጋግጥለት 84 ዶላር ነው። ይህን ለ12 ሰዓት ብናካፍለው በሰዓት 7 ዶላር ይደርሰዋል። 120 በመቶ የተባለው 70 በመቶ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። እውነት ነው፣ ይህ የመጨረሻው ወለል ነው፤ ከዚህ በላይ የሚያገኝበት ቀን አለ፤ ተሳፋሪ ለመውሰድና ለማድረስ ለነዳው ማይልም ለብቻው ይታሰብለታል። ሆኖም በኤርፖርቱ አጠገብ ባለው ማቆሚያ ተራውን ሲጠብቅ የሚያልፈው ሰዓት፣ የተሳፈረ ባይኖርም፣ የእርሱ ዕድሜ መሆኑን ማንም ሊክድ አይችልም። መስኮት ላይ ቆሞ ደንበኛ የሚጠብቅ የባንክ ሠራተኛ ደንበኛው እስኪመጣ ደመወዙ አይቋረጥም።

ያ ያልተቆጠረ ሰዓት ግን ባዶ ሰዓት አይደለም። በዚያው ስልክ ላይ ቴሌግራም አለ፣ ዩቱብ አለ፣ ቲክቶክ አለ። ሾፌሩ ወንበሩን ወደ ኋላ አድርጎ የአገሩን ወሬ ይከፍታል፤ ለቅሶ ይሰማል፤ የጤፍ ዋጋ ስንት እንደ ገባ ይጠይቃል፤ ከማያውቀው ሰው ጋር ይሰዳደባል። በየመካከሉ ማስታወቂያ ይመጣበታል። አንደኛው ኩባንያ የማይከፍልበትን ሰዓት ሌላው ኩባንያ ለማስታወቂያ አስነጋሪዎች ይሸጠዋል። ላቡንም ዓይኑንም ሰጥቶ ለሁለተኛው አንድ ሳንቲም የማይቀበል ሠራተኛ ከዚህ ዘመን በፊት የነበረ አይመስለንም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል እየተባልን አድገናል። ይህ ድር ግን ባለቤት አለው፤ ያሰረውም አንበሳ እስካሁን አልታየንም።

በዚያ ድር ላይ የሚጻፈውም ነገር ከባድ ዋጋ ያስከፍላል። በኖቬምበር 2021 ፕሮፌሰር መዓርግ አማረ በፌስቡክ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው እየተጠቀሰ ከተወነጀሉ በኋላ ባሕር ዳር በሚገኘው ቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም በዲሴምበር 2022 ናይሮቢ ላይ ኩባንያውን ከሰሰ፤ በኤፕሪል 2025 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ክሱ ቍጣ የሚቀሰቅሰውን ጽሑፍ አስቀድሞ ለሰው የሚያሳይ አሠራር አለ ይላል። ፍርዱን ለፍርድ ቤቱ እንተወዋለን። ነገር ግን እኛ በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን፣ የሰውን ስም ከነፎቶግራፉ ተቀብለን ሳናጣራ ለሌላ ያላስተላለፍን ስንት ነን? ኩባንያውን ስንከስ ይህንንም በመዝገቡ ላይ ማስፈር ይገባናል።

ወደ ሳንታ ሞኒካ እንመለስ። ይህች ከተማ የዚህ ዐይነት ሥራ መፈልፈያ ናት። በስልክ የሚከራየውን ስኩተር በ2017 በመንገድ ላይ የበተነው በርድ የተነሣው እዚህ ነው፤ ስኩተሩን ማታ ማታ ለቅመው በቤታቸው መብራት ይሞሉ የነበሩትም «ነጻ ተቋራጮች» ነበሩ። ኩባንያው በዲሴምበር 2023 የኪሣራ ማመልከቻ አቀረበ። አሁን ደግሞ ሾፌር የሌለው የዌይሞ መኪና መጥቷል። በኖቬምበር 2024 በሎስ አንጀለስ፣ ሳንታ ሞኒካን ጨምሮ፣ ለማንኛውም ተሳፋሪ ክፍት ሆነ። መኪናዎቹ ኤሌክትሪክ ሊሞሉ ሌሊት ወደ ጣቢያቸው ሲገቡ ወደ ኋላ በሄዱ ቍጥር ጢጥ ጢጥ እያሉ ይጮኻሉ። የአካባቢው ነዋሪዎች እንቅልፍ አጣን ብለው አመለከቱ፤ በ2025 ከተማው በሌሊት እንዳይሠራ አዘዘ፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። የነዋሪዎቹን እንቅልፍ አንንቅም። በዚያው ጩኸት ምክንያት እንጀራው ስለሚሄድበት ሰው ግን የተሰበሰበ ስብሰባ በሰፈራችን አላየንም፤ እኛም አልጠራንም።

መኪናው ራሱ ጠላታችን አይደለም። ለዓይነ ስውር ተሳፋሪ ሳያንጓጥጥ የሚያደርስ መኪና መልካም ነገር ነው። ከአባሎቻችንም እንዲህ ያለውን ነገር ለመሥራት የሚመኙ አሉ፤ ምኞታቸውንም አንነቅፍም። የምንነቅፈው ሌላ ነው፤ ይኸውም የትርፉን መንገድ በደንብ ተምረን የኪሣራውን መንገድ ሳንጠይቅ ዲግሪ መቀበላችን ነው። አባቱ በሚያሽከረክረው መኪና ተምሮ ያንኑ መሪ የሚያስረክብ ፕሮግራም ለመጻፍ የሚቀጠር ልጅ ቢያንስ ለአባቱ አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል እንላለን።

አንድ በር ተከፍቷል። በኦክቶበር 2025 የተፈረመውና ከጃንዩወሪ 2026 ጀምሮ የጸናው የካሊፎርኒያ ሕግ፣ ሾፌሮቹ ተቋራጭ እንደ ተባሉ ማኅበር አቋቁመው ከኩባንያዎቹ ጋር በአንድነት እንዲደራደሩ ይፈቅዳል። በልዋጩ ኩባንያዎቹ ይገቡት የነበረው የመድን ግዴታ ተቀንሶላቸዋል፤ በነጻ የተገኘ አይደለም። ችግሩ ከ800 ሺህ በላይ የሚሆኑት የስቴቱ ሾፌሮች እርስ በርስ አለመተዋወቃቸው ነው፤ የእያንዳንዱ ፋብሪካ የገዛ መኪናው ወንበር ነው። የእኛ ሾፌሮች ግን ይተዋወቃሉ። እቁብ አላቸው፣ ዕድር አላቸው፤ ዓርብ ወይም እሑድ በጸሎት ቤት ይገናኛሉ፤ ቡናም በፌርፋክስ አለ። የጎደላቸው ነገር ቢኖር ሕጉ በቋንቋቸው አለመጻፉና ሒሳቡን የሚመረምርላቸው ሰው ማጣታቸው ነው። ይህ ደግሞ የእኛ ሥራ ነው።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍሉ ሕጉን በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ ለመተርጐም ጀምሯል። የኮምፒዩተርና የሒሳብ ተማሪዎች ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፌርፋክስ ላይ ተቀምጠው የሾፌሮችን የክፍያ መዝገብ እንዲያነቡ ተስማምተናል። የማንም ስም አይጻፍም። ሾፌሮችንም የምንለምናቸው አንድ ነገር ነው፤ ለአራት ሳምንት ያህል ስልኩን ሳያምኑ፣ ተራ መጠበቅ የጀመሩበትንና ጥሪ የመጣበትን ሰዓት በደብተር እየጻፉ ይያዙልን። ደብተሩንና እርሳሱን እኛ እናመጣለን።