ግንድ ቀብሮ ተዝካር

ቤተ መዘክርና ተዝካር «ዘከረ» ከሚለው ከአንድ ግስ የተወለዱ ስሞች ናቸው። በአገራችን ሥርዓት ግን ተዝካር የሚወጣው ሬሳው በክብር ካረፈ በኋላ ስለ ሆነ፣ ሬሳውን በጓዳ ቈልፎ በደጅ ዳስ የሚጥል ሰው ቢገኝ ጎረቤቱ ሁሉ አብዷል ብሎ ይሸሸዋል። ይህን ያነሣሁት በምዕራብ አገር ያሉ ታላላቅ አብያተ መዘክር ለጥቁሮች ታሪክና ለነባር ሕዝቦች መታሰቢያ የሚያዘጋጁትን በዓል በመመልከት ነው። ከበሮው ይመታል፤ ንግግሩ ይነበባል፤ ሥዕሉ ይሰቀላል። በብዙዎቹ ቤቶች ግን የእነዚያው ሕዝቦች ዐፅም በሣጥን ተደርድሮ፣ ቍጥር ተጽፎበት በዕቃ ቤት ሲኖር ቈይቷል።

ነገሩ ሐሜት እንዳይመስል አንዱን ቤት በስሙ ልጥራ። ዓመቶቹን የምጽፈው ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። በ1897 ዓ.ም. ሮበርት ፒሪ የተባለው አገር አሳሽ ከሰሜን ግሪንላንድ ስድስት ሰዎች በመርከብ አምጥቶ በኒውዮርክ ለሚገኘው ለአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር አስረከበ። ከስድስቱ አራቱ ብዙ ወራት ሳይቈዩ በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ ቂሱክ ነበር፤ እርሱም ሚኒክ የሚባል ሰባት ዓመት ያህል የሆነው ልጅ ነበረው። የቤቱ ሊቃውንት ለዚህ ሕፃን የአባቱን ቀብር አዘጋጅተው አሳዩት። በቈዳ ተጠቅልሎ በድንጋይ የተሸፈነው ግን ግንድ ነበር፤ የአባቱ ዐፅም ሥጋው ተለይቶ ለቤተ መዘክሩ ቀርቷል። ሚኒክ አድጎ እውነቱን ባወቀ ጊዜ ዐፅሙን ስጡኝ ብሎ ቢለምን የሚሰማው አላገኘም። እርሱ በ1918 ሞተ፤ አባቱና ሦስቱ ባልንጀሮቹ ወደ አገራቸው ተመልሰው የተቀበሩት በ1993 ነው።

እንግዲህ ያ የግንድ ቀብር ምን ጐደለው? ጊዜ ተቀጥሮለታል፤ ተመልካች ተጠርቶለታል፤ ሐዘን የሚመስል ነገር ሁሉ ተሟልቶለታል። የጐደለው ሟቹ ብቻ ነው። ዐፅም ሳይመለስ የሚደረገውን የዛሬውን መታሰቢያ ሁሉ ከዚህ የምለይበት ምክንያት አላገኘሁም።

አንባቢ ሆይ፣ የ1990ን ዓመት ልብ በል። በዚያ ዓመት የአሜሪካ መንግሥት የኖቬምበርን ወር ለነባር ሕዝቦች መታሰቢያ ሰየመ፤ በዚያው ወር ደግሞ አብያተ መዘክር የእነርሱን ዐፅም ለየወገኑ እንዲመልሱ የሚያዝዝ ሕግ ወጣ። በዓሉን ማክበር ቀላል ሆነ። ሕጉ ግን «ወገኑ አልታወቀም» የምትል አንዲት ቀዳዳ ስለ ነበረችው፣ ስንቱ ሣጥን በዚያች ቀዳዳ ተጠግቶ ከ30 ዓመት በላይ ኖረ። የራስ ቅሉን ወርድና ቁመት ለክቶ፣ የተቈፈረበትን ስፍራ በመዝገብ ጽፎ ያኖረ ሰው፣ «የማን እንደ ሆነ አላውቅም» ሲል መስማት እጅግ ያስገርማል።

ፍርድ እንዳናጣምም፣ የኒውዮርኩ ቤት ያደረገውንም እንናገር። ቴዎዶር ሩዝቬልት በፈረስ ተቀምጦ፣ አንድ ጥቁርና አንድ ነባር አሜሪካዊ በእግራቸው ሲከተሉት የሚያሳየውን ሐውልት በ1922 ሳይሆን በ1940 ነበር በደጁ ያቆሙት፤ በ2022 ተነሣ። በ2023 የቤቱ አለቃ በጻፉት ደብዳቤ የ12,000 ሰዎች ያህል ዐፅም በእጃቸው እንዳለ ሳይሸሽጉ ገልጠው፣ ለትርኢት የቆመው ሁሉ እንዲነሣ አዘዙ። በጃንዩዋሪ 2024ም ባለቤቶቹ ሳይፈቅዱ ዕቃቸው እንዳይታይ አዲስ ደንብ ስለ ወጣ ሁለት ታላላቅ አዳራሾች ተዘጉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን የመስተዋቱን ሣጥን ባዶ ማድረግ መቅበር አይደለም፤ ዐፅሙ ከአዳራሽ ወደ ጓዳ ተዛውሮ ይሆናልና።

የበዓሉ ወዳጆች «ልጆች ይማሩበታል» ይላሉ። ይማሩ እንጂ! ካርተር ዉድሰን በ1926 የጥቁሮችን ታሪክ ሳምንት ያቋቋሙት ተማሪው እውነቱን እንዲያውቅ ነው። ታዲያ ከእውነቱ ይህ ለምን ተለይቶ ይደበቃል? ለእኛም ነገሩ ባዕድ አይደለም። ልዑል ዓለማየሁ በ1879 በእንግሊዝ አገር ሞተው በዊንድዘር ተቀብረዋል፤ ዐፅማቸው እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2023 አልተቀበለም።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በፌብሩዋሪ ለጥቁሮች፣ በኖቬምበር ለነባር ሕዝቦች በዓል የሚያደርግ ቤት ሁሉ፣ ከሥዕሉና ከከበሮው በፊት በበሩ ላይ አንድ ወረቀት ይለጥፍ፤ በእጃችን ስንት ዐፅም አለ፣ ለማን ጻፍን፣ ማን መለሰልን፣ ዘንድሮ ስንቱ ተቀበረ የሚል። በኒውዮርኩ ቤት ወረቀት ላይ ከሁሉ በፊት መጻፍ የሚገባቸው፣ ያ የ2023 ደብዳቤ የጠቀሳቸው፣ ከኢንዉድ የባሪያዎች መካነ መቃብር በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ተቈፍረው የወጡት አምስት ጥቁሮች ናቸው። ኢንዉድም ቤተ መዘክሩም ያሉት በአንዲቱ በማንሃታን ደሴት ላይ ስለ ሆነ፣ ለእነዚህ እንኳ የባሕር መንገድ ሰበብ አይሆንም።