«እስካሁን ይሠራል» የሚሉት ሰበብ

በቅርቡ ለአንድ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ፋይሌን የምትፈልግልኝ ሠራተኛ በኮምፒዩተሯ ላይ ብቅ ያለውን ማሳሰቢያ ሳታነብ ዘጋችው። ምን እንደሚል ጠየቅኋት። «የዊንዶውስ 10 ድጋፍ አብቅቷል ነው የሚለው። ግን እስካሁን ይሠራል» አለችኝ። በእርሷ አልፈርድም። የምፈርደው ይህንኑ ቃል ደረቱን ነፍቶ በሚናገረው ኃላፊ ላይ ነው።

ለመሆኑ «ድጋፍ አበቃ» ሲባል ምን ማለት ነው? ኮምፒዩተሩ አልነሣም ይላል ማለት አይደለም። ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ በዊንዶውስ 10 ላይ አዲስ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ፣ የማራዘሚያ ውል ለሌለው ተጠቃሚ ማይክሮሶፍት መድፈኛ አይልክም ማለት ነው። ቀዳዳው ግን መገኘቱ አይቀርም። ይባስ ብሎ፣ በዊንዶውስ 11 ላይ የሚደፈነው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ በቀድሞውም ላይ ስለሚኖር፣ ለአንዱ የወጣው መድኃኒት የሌላውን ቁስል ለሌባ ያሳያል።

የኩባንያውም እጅ ንጹሕ አይደለም። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ስለሚጠይቅ፣ ምንም ያልጎደለው ኮምፒዩተር ያለ ዕድሜው ጡረታ ተፈርዶበታል። ማራዘሚያው ለድርጅቶች በአንድ ኮምፒዩተር ለመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ሲሆን፣ በየዓመቱ በእጥፍ እያደገ በሦስት ዓመት 427 ዶላር ይደርሳል። ይህን በውጭ ምንዛሪ እጥረት ላይ ደምሩት!

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በባሕር ማዶ ኩባንያ ላይ ጭኖ እጅን መታጠብ ራስን ማታለል ነው። ዊንዶውስ 10 የወጣው በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሚያበቃበትም ቀን ያኔውኑ ታውቋል። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተሰኘው ስትራቴጂያችን በስሙ ላይ የተሸከመው ዓመተ ምሕረት እንኳ ይኸው ድጋፉ ያበቃበት የፈረንጆች ዓመት ነበር። ለመኪናው ጎማና ሰርቪስ በጀት የሚይዝ መሥሪያ ቤት፣ ኮምፒዩተሩን በሞዴል 19 ከተረከበ በኋላ ስለ ዕድሜው አንድም መስመር በዕቅዱ ውስጥ አያሰፍርም።

መማሪያ አጥተን ነውን? የዊንዶውስ ኤክስፒ ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. አበቃ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን አዳረሰ። የብሪታኒያ ብሔራዊ የኦዲት መሥሪያ ቤት እንደዘገበው፣ በእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ከ236 የሆስፒታልና የጤና ተቋማት አስተዳደሮች ቢያንስ 80ው ተጎድተዋል፤ ከ19 ሺሕ በላይ የሕሙማን ቀጠሮ ተሰርዟል ተብሎም ተገምቷል። ልብ በሉ፤ እዚያ ከተያዙት ኮምፒዩተሮች የሚበዙት ገና ድጋፍ የነበረው ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው ነበሩ። መድፈኛው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። የጫነው ሰው ነበር የጠፋው።

የእኛ ነገር የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። ያለ ፈቃድ በተገለበጠ ዊንዶውስ የሚሠራ፣ «ኢንተርኔት ይበላል» ተብሎ አፕዴቱ የተዘጋበት ኮምፒዩተር ድጋፉ ያበቃለት ባለፈው ጥቅምት አይደለም፤ ከሱቅ በወጣበት ዕለት ነው። እንዲህ ያለው መሥሪያ ቤት ነገ ዊንዶውስ 11 ቢገዛ እንኳ ሕመሙን ወደ አዲስ አልጋ ያዛውራል እንጂ አይድንም።

«እስካሁን ይሠራል» የሚለው ኃላፊ የሚያስይዘው የራሱን ንብረት ቢሆን ኖሮ ምርጫው የእርሱ ነው ብለን ባለፍነው። ነገር ግን በዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው የእኔና የእናንተ የሕክምና ካርድ፣ የይዞታ ማስረጃ፣ የልጆቻችን ውጤት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰውን መረጃ መጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ ነው።

ምን ይደረግ ለሚል መልሱ ሩቅ አይደለም። ስንት ኮምፒዩተር በምን ሥርዓት እንደሚሠራ ይቆጠር። የዜጎች መዝገብ ያለበት ቀድሞ ይለወጥ ወይም ማራዘሚያ ይገዛለት። መለወጥ ያልተቻለው ከኢንተርኔትና ከኔትወርክ ይነጠል፤ ለጽሕፈት ብቻ የሚያገለግለው እንደ ኡቡንቱ ያለ ነጻ የሊኑክስ ሥርዓት ይጫንበት። መጠባበቂያ ቅጂ ከቢሮው ውጭ ይቀመጥ። ከሁሉም በላይ፣ ለዚህ ሥራ በስሙ የሚጠየቅ አንድ ሰውና በጀት ይመደብ።

አባቶቻችን «ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነከሰው፤ አንዴ ሳያይ፣ አንዴ ሲያሳይ» ይላሉ። በኤክስፒ ጊዜ አላየንም እንበል። አሁን ግን ጣታችንን ዘርግተን እያሳየን ነው።

ቸር ይግጠመን።