ድምፅ በቀበሌ፣ ድምፅ በመስጂድ

መስከረም 27 ቀን 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሙስሊሞች የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት (መጅሊስ) መሪዎቻቸውን እንዲመርጡ ተጠሩ። የተጠሩት ግን ወደ መስጂድ ሳይሆን ወደ ቀበሌ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል፤ የመጅሊሱ ድምፅ ግን ሰው መታወቂያ በሚያወጣበት ቅጥር ግቢ ተሰጠ።

ቦታው የተመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከጥር 2004 ጀምሮ ከአዲስ አበባው አወሊያ ትምህርት ቤት የተነሣው ተቃውሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ ነበር፦ መንግሥት አሕባሽ የተባለውን አስተምህሮ በምእመኑ ላይ መጫኑን እንዲያቆም፣ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ እንዲተዳደርና የመጅሊሱ ምርጫ በመስጂድ እንዲካሄድ። አሕባሽ ማዕከሉን ሊባኖስ ያደረገና መሥራቹ የሐረር ተወላጅ የነበሩ እንቅስቃሴ ነው። ማንም በፈቃዱ ሊከተለው መብቱ ነው። መንግሥት «ለዘብተኛው እስልምና ይህ ነው» ብሎ ሥልጠና ሲያዘጋጅለት ግን ነገሩ ከእምነት ወጥቶ የካድሬ ሥራ ሆነ።

ሕዝቡ በየዓርቡ አንዋር መስጂድ ተሰብስቦ እንደ ታሰረ ሰው እጆቹን አጣምሮ ወደ ላይ ያነሣ ነበር። መልሱ እስር ሆነ። የሕዝብ ተወካይ ተብለው የተመረጡት የኮሚቴ አባላት በሐምሌ 2004 ታሰሩ፤ በጥር 2005 ኢቲቪ «ጅሃዳዊ ሐረካት» የሚል ፊልም አሳየባቸው፤ በ2007 ክረምት ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። የምርጫ ሣጥን የጠየቀ ሰው «አክራሪ» ተባለ። ይህ ትልቅ በደል ነበር።

ሌላውም ዓለም ማፈኑንም ምርጫውንም ሞክሮታል። አልጄሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1991 መጨረሻ እስላማዊው ግንባር የተባለው ፓርቲ የመጀመሪያውን ዙር ሲያሸንፍ ጦሩ ምርጫውን ሰረዘ፤ አገሪቱም ለዓመታት በደም ታጠበች። ቱኒዚያ ውስጥ ኤናሕዳ የተባለው እስላማዊ ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ2011 ከ217 መቀመጫ 89 አገኘ፣ በ2014 ወደ 69 ወረደ፣ ሽንፈቱን ተቀበለ፤ በ2016 ጉባኤውም የስብከት ሥራውን ከፖለቲካው ለየ። እርግጥ የቱኒዚያ ዲሞክራሲ በኋላ በሌላ እጅ ተሰናክሏል። ኤናሕዳን ያለዘበው ግን የደኅንነት ቢሮ አይደለም፤ መራጭ ሊያባርረው እንደሚችል ማወቁ ነው።

ለጎንደር ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1668፣ በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን፣ የተሰበሰበ ጉባኤ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲሰፍር ወስኖ ነበር፤ የዛሬው አዲስ ዓለም ሰፈር ከዚያ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ደግሞ በሼህ ኤልያስ መካነ መቃብር ቀብር ላይ በነበሩ ሰዎች ላይ ጥቃት ደረሰ። ከ20 በላይ ሙስሊሞች መገደላቸውን ለሕዝብ ያሳወቀው የአማራ ክልል መጅሊስ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ሐዘንተኛው የሚያምነው፣ ባለሥልጣኑም ሊንቀው የማይችል አፍ ያስፈልጋል። ቀበሌ የሾመው ሰው ያንን ቃል ቢናገር ማን ይሰማዋል? በየዋሻው የሚሰብክ ቁጡ ሰው ተከታይ የሚያገኘውስ ያኔ አይደለምን?

መንገዱ ቀስ እያለ ተቃንቷል። ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ተቃራኒ ወገኖች አዲስ አበባ ላይ ታርቀው ሙፍቲ ሐጂ ዑመር ኢድሪስ የሽግግሩ መሪ ሆኑ፤ በ2012 መጅሊሱ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ፤ በነሐሴ 2017 ድምፅ በመስጂድ ተሰጠ። ታሳሪዎቹ የጠየቁት ነገር ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ሕጋዊ አሠራር ሆነ፤ «አክራሪነት» የተባለው አደጋም አልመጣም።

አሁን ኃላፊነቱ በተመራጮቹ ላይ ነው። የመጅሊሱን ወንበር ለየትኛውም ፓርቲ ቅስቀሳ ማዋል የለባቸውም፤ የተሸነፈውም ወገን በቀጣዩ ዙር ያለ ፍርሃት ሊወዳደር ይገባል። መንግሥትም ወንጀል የሠራን ሰው በወንጀሉ ይክሰስ፤ የትኛው ዓሊም ለዘብተኛ እንደሆነ መወሰኑን ግን ለሰጋጁ ይተው።