ነፋሱን አትቁረጡት

ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ለሚጀምር ልጅ የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው። ቴምፕሌት አውርድ፣ ሞቅ ያለ ዘፈን ምረጥ፣ ቁራጮቹን ከምቱ ጋር አስማማ፣ ዋናው ቦታ ላይ ስሎው ሞሽን ጨምርበት። በቃ፣ ኤዲተር ሆነሃል። እኔ ይህን ምክር እቃወማለሁ። ጀማሪውን ስለሚያሰንፍ ብቻ አይደለም፤ በእጁ ያለውን ነገር ስለሚገድልበት ነው።

ግድያው በደንብ የሚታየው በፓራሹት ዝላይ ቪዲዮ ላይ ነው። 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን የወጣ ዘላይ ፓራሹቱን እስኪከፍት ድረስ 1 ደቂቃ ያህል ይወድቃል። በሆዱ ተዘርግቶ ሲወርድ ፍጥነቱ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ጉዱ ግን ምስሉ ይህን ፍጥነት አለማሳየቱ ነው። አጠገቡ የሚያልፍ ዛፍ የለም፣ የቤት ጣሪያ የለም። የሚቀርጸውም ሰው አብሮት እየወደቀ ነው። ስለዚህ ዘላዩ ሰማይ ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ፍጥነቱን የሚነግሩን የሚርገበገበው ጉንጩና ልብሱ ናቸው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማይክራፎኑ ላይ የሚያጓራው ነፋስ።

ጀማሪው ታዲያ መጀመሪያ ምን ያደርጋል? «ይሄ ጫጫታ ነው» ብሎ የነፋሱን ድምፅ ያጠፋዋል። በላዩ ዘፈን ይጭንበታል። ቀጥሎ ምስሉን ያዘገየዋል። በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ መሬት ይምዘገዘግ የነበረ ሰው ፍራሽ ላይ የተኛ መስሎ ቁጭ ይላል። ማስረጃው ተደምስሶ ጌጡ ቀረ ማለት ነው።

ሌላም የሚቆረጥ ነገር አለ፤ መጠበቁ። ፌሊክስ ባውምጋርትነር እ.ኤ.አ. በ2012 ከ38 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ዘሎ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ወርዷል። ነፃ ውድቀቱ ከ4 ደቂቃ በላይ ፈጅቷል። እኔ ከዚያ ቪዲዮ ዓይኔ ላይ የቀረው ግን ውድቀቱ አይደለም። ሰውየው በካፕሱሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ እጁን ለሰላምታ አንስቶ፣ ወደ ፊት የወደቀባት ቅጽበት ናት። ያቺ ቅጽበት የከበደችው ከእሷ በፊት ስለጠበቅን ነው። መጠበቁን «ይሰለቻል» ብሎ የቆረጠ ኤዲተር ዝላዩንም አብሮ ቆርጦታል።

«እኛን ምን አገባን? ፍኖተ ሰላም ላይ ከአውሮፕላን የሚዘል የለም» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፤ እኛ ግን ፈረስ አለን። ጥምቀት ሲመጣ ጉግስ አለ። ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ ቡሬን አልፎ እንጅባራ የገባ ሰው ደግሞ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን ያያል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ በዐድዋ ዘመቻ የዋሉትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማሰብ። ይህ ሁሉ ፍጥነት ዛሬ በየስልኩ ይቀረጻል። የሚያቀናብሩትም አብዛኞቹ ኤዲቲንግን ከሌሎች ቪዲዮዎች እያዩ የተማሩ ልጆች ናቸው።

እስቲ እነዚያን ቪዲዮዎች ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሟቸው። ሽምጥ የሚጋልበው ፈረስ ኮቴ የለውም። እልልታ የለም፣ ፉከራ የለም፣ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» የሚል ሰው የለም። ያለው ባለፈው ሳምንት ለሠርግ፣ ከዚያ በፊት ለምረቃ፣ ከዚያ በፊት ለመኪና ሽያጭ የተጫነው ያው ዘፈን ነው። የማን አገር ፈረስ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ቴምፕሌት ስንል ሌላ ሰው ቀድሞ የወሰነውን ቆይታ ማለታችን ነው። ካፕከትን የሠራው የቲክቶክ ባለቤት የሆነው ባይትዳንስ ነው፤ የቁርጡን ርዝመትና የሽግግሩን ዓይነት አስቀድሞ ያበጀ ሰው ደግሞ የትም ሊሆን ይችላል። አንተ የራስህን ቪዲዮ በተዘጋጀው ክፍት ቦታ ትሞላለህ። ፈረሱ ገና ኮርቻ ሳይጫንበት የሩጫው ርዝመት ተወስኖ አልቋል። ልጁ ከዚህ ምን ይማራል? ቅጽ መሙላት ይማራል።

ስሎው ሞሽንም ቢሆን ሒሳብ አለው። ብዙ ስልክ በተለመደው ሁኔታ የሚቀርጸው በሰከንድ 30 ፍሬም ነው። ያንን 4 እጥፍ ብታዘገየው ለ1 ሰከንድ የሚቀርህ 7 ፍሬም ተኩል ነው። ፈረሱ ይንቀጠቀጣል፤ ወይም ሶፍትዌሩ በመሃል ያልነበረ ምስል ፈጥሮ ይሞላልሃል። 4 እጥፍ ማዘግየት የፈለገ ሰው ከመነሻው በ120 ፍሬም መቅረጽ ነበረበት። ስለዚህ ማዘግየት ከቀረጻው በፊት የሚታሰብ ውሳኔ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ማዘግየት ሁሉ ኃጢአት ነው እያልኩ ግን አይደለም። ኮን ኢቺካዋ በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ በሠራው ፊልም አበበ ቢቂላን በስሎው ሞሽን ከቅርብ ያሳየናል። እዚያ ማዘግየቱ ሥራ አለው። ከ2 ሰዓት በላይ በሚፈጅ ሩጫ ውስጥ መንገድ ዳር የቆመ ተመልካች ለአፍታ ብቻ ያያትን ፊት አስቁሞ እንድናያት ያደርጋል። ለዓይን የማይደርሰውን ለዓይን አመጣው። የእኛዎቹ ደግሞ ለዓይን የደረሰውን ይወስዱብናል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

የምቱም ነገር እንደዚሁ ነው። «አፖካሊፕስ ናው»ን ካቀናበሩት አንዱ ዋልተር መርች አንድን ቁርጥ በስድስት ነገር ይመዝናል። ለስሜት 51 በመቶ፣ ለታሪኩ 23 በመቶ፣ ለምት 10 በመቶ ይሰጣል። እኛ ጀማሪውን 10 በመቶውን ብቻ አስተምረን እናሰናብተዋለን። ያም ቢሆን የምስሉን ምት አይደለም የምናስተምረው፤ የዘፈኑን ነው።

«ያለ ዘፈን ማን ያያል? ሰው በ3 ሰከንድ ውስጥ ጠርጎ ያልፋል» የሚለውን ክርክር በሚገባ አውቀዋለሁ። መልሴ አጭር ነው፤ እንግዲያው አሳጥረው። 20 ሰከንድ ይበቃል። ግን 20ው ሰከንድ የዚያ ቀን ይሁን። የኮቴውን ድምፅ ከምስሉ 2 ሰከንድ አስቀድመህ አስገባው። ተመልካቹ «ምን እየመጣ ነው?» ይላል፤ ዘፈንህ ያልያዘውን ጣት ኮቴው ይይዘዋል።

ነገሩ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጮህም ነበር። ስልክ ይሞላል። ሲሞላ መጀመሪያ የሚሰረዘው ጥሬው የ40 ደቂቃ ቀረጻ ነው፤ የሚተርፈው ዘፈን የተጫነበት 30 ሰከንድ። ያንንም መድረኩ በዘፈኑ የባለቤትነት መብት ምክንያት አንድ ቀን ድምፁን ሊዘጋው ይችላል። ያን ጊዜ እጃችን ላይ የሚቀረው ድምፅ የሌለውና የተንሳፈፈ ፈረስ ነው። ዓረብ አገር ያለችው እህት የወንድሟን ጉግስ ስትከፍት የምትፈልገው የሰፈሯን ሰው ጩኸት ነው፤ እኛ የላክንላት እዚያው ያለችበት አገር ሱቅ ውስጥ የምትሰማውን ሙዚቃ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በብዙ ቦታም ለወራት ሳይመለስ ሲቆይ፣ የሚወርድ ቴምፕሌት አልነበረም። መቁረጥ ግን ይቻል ነበር። መቁረጥ ኔትወርክ አይፈልግም። ዕውቀትህ ኢንተርኔት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ከሆነ ዕውቀቱ ያንተ አልነበረም።

ስለዚህ ለጀማሪ የምለው ይህን ነው። አንድ ሩጫ ብቻ ውሰድ። ሳትነካው ሦስት ጊዜ እየው፤ አንዴ ከነድምፁ፣ አንዴ ድምፁን አጥፍተህ፣ አንዴ ዓይንህን ጨፍነህ። ከዚያ ያለ ዘፈን፣ ያለ ኢፌክት፣ በመቁረጥ ብቻ ሥራው። ፈረሰኛው ልጓሙን ሲያጠብቅ ያለችውን ዝምታ ተዋት። ጥሬውን ቀረጻ ከስልክህ ውጭ አንድ ቦታ አስቀምጥ። አሥር ሩጫ እንዲህ ከሠራህ በኋላ ዘፈን ካስፈለገህ ጨምር፤ ያን ጊዜ ለምን እንደጨመርከው ታውቃለህ።

ፈረሱ የሮጠው አንድ ጊዜ ነው። ዘፈኑ ነገም ይገኛል።