«ምንድን ነው?» ከማለታችን በፊት

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ ነቀምቴ እኛ ዘንድ ከረመች። አንድ ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የቀለም ብዕሬን አነሳችና ወረቀቱን ጭረት በጭረት አደረገችው። ገሚሱ ቀጭን፣ ገሚሱ ወፍራም፣ ገሚሱም መሃል ላይ ቆሞ ጠብታ ሆኖ የቀረ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳት።

«አካኮ፣ የዝናቡ ድምፅ ነው» አለችኝ።

«ድምፅ ይሳላል እንዴ? ቀለሜን አታባክኚ! ቤት ወይ ዛፍ አትስዪም?» ብዬ ተቆጣኋት። ወረቀቱንም የከሰል ማቀጣጠያ አደረግሁት። እሷም ቤትና ዛፍ ሳለችልኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን እስክትሄድ ድረስ ብዕሩን አልነካችውም።

ሰሞኑን ልጄ የሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱን ሥራዎች በስልኩ አሳየኝ። ጁሊ እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ የሄደች ናት። በ2012 የሠራችው «ሞጋማ» አራት ሸራዎች አሉት፤ የእያንዳንዱ ቁመት ከ4 ሜትር ያልፋል። ከሥር የሕንፃዎችና የአደባባዮች ንድፍ በጥንቃቄ ተሠምሯል፤ መስቀል አደባባያችንም አለበት። ከላይ ግን ምንም የማይመስሉ ጥቋቁር ጭረቶች ይርመሰመሳሉ። ያቃጠልኩት ወረቀት ትዝ አለኝ።

ለካ መስመር ማንበብ ለእኔ አዲስ አልነበረም። ወንድሜ ከደምቢ ዶሎ ደብዳቤ ሲልክልኝ ጽሑፉን ሳላነብ እጁን አውቀው ነበር። ሲቸኩል ፊደሉ ይጋደማል። የአባታችንን ሞት የጻፈልኝ ቀን መስመሩ ይንቀጠቀጥ ነበርና ገና ከማንበቤ ደነገጥኩ። ቃሉ ባይኖርም መስመሩ ብቻውን ይናገር ነበር።

የቀለም ሥዕልም የሚታየው እንደዚሁ ነው። ቀለም እንደ እርሳስ አይጠፋም፤ እጅ የሄደበትን መንገድ ይዞ ይቀራል። ቀለሙ የተጠራቀመበት ቦታ እጁ ያመነታበት ነው። ደርቆ የተቆራረጠው እጁ የሮጠበት፣ የወፈረው ደግሞ የተጫነበት ነው። እናንተም የልጆቻችሁን ወረቀት ስታዩ መስመሩን በጣታችሁ ተከተሉት፤ የእጃቸው ፍጥነት ይሰማችኋል።

ዘንድሮም ክረምቱን እኛ ዘንድ ልታሳልፍ ትመጣለች። አንድ ብልቃጥ ቀለም ገዝቼ አስቀምጫለሁ። መጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ከዚያ «እጅሽ ከየት ተነሣ? የት ላይ ቆመ?» እላታለሁ። እንደገና ብዕሩን ካነሳች ማለቴ ነው።